ጫፉ የታጠፈ ናስትሮ

ሸዋርካብሽ ቁልፉን ለስንተኛ ጊዜ እንዳዞረችው ራሷም አታውቀውም። ሚኒባሷ «ቅርርር፣ ቅርርር» ትልና ዝም። ሞተሩ ይዞራል፣ ይለፋል፣ ግን አይነሳም። እንዲህ ያለው ነገር ጭራሽ ድምፅ ከማጣት የባሰ ያናድዳል። እንቢ የሚል መኪና ቁርጥን ይናገራል፤ እሺ እሺ እያለ የማይነሳ መኪና ግን ነገ ነይ ነገ ነይ እንደሚል ልብስ ሰፊ ሰው ያደርቃል።

«ስሚ እንጂ» አለቻት መሪውን እየደባበሰች፤ «ዛሬን ብቻ ተነሺልኝ። ከነገ ወዲያ ከፈለግሽ ዓመት ተኚ።»

መኪና ልመና ቢሰማ ኖሮ መርካቶ ውስጥ አንድ የቆመ መኪና ባልተገኘ ነበር። ሚኒባሷም አልሰማችም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ቦታው ሰባተኛ፣ ታክሲዎች የሚያድሩበት ግቢ። የቀሩት ታክሲዎች ጎህ ሲቀድ ወጥተው ግቢው ባዶውን ቀርቷል። ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ የተለየ ቀን ነበር። አብነት አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያመላልስለት አንድ ሚኒባስ ይፈልጋል። የወላጅ ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዎቹን በዓይኑ አይቶ፣ ተሳፍሮ ዞር ዞር ብሎ ይመርጣል። መኪናውን ይዞ ያልቀረበ ተረሳ ማለት ነው።

ክፍያው ደህና ነው፤ ሸዋርካብሽን እንቅልፍ የነሳት ግን ክፍያው አልነበረም። የተመረጠው ሾፌር አንድ ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት በነጻ ያስተምራል። እሷ ደግሞ አንድ ልጅ አለቻት፤ ሰብለ ወንጌል። አስር ዓመቷ ነው። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከሰሌዳው ይልቅ የሰው ማጅራት እያየች ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት። አሁን ጸጉሯን ተሠርታ፣ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ፣ ጋቢና ቁጭ ብላለች።

«እማዬ፣ ካልተነሳች በእግራችን እንሂድ?»

«ለእግራችን ማን ስራ ይሰጠዋል፣ የኔ ልጅ።»

ሸዋርካብሽ በመኪና ነገር የዋዛ ሴት አይደለችም። ባሏ በሪሁን በሕይወት ሳለ ሚኒባሷ በተበላሸች ቁጥር ባትሪ ይዛ የምታበራለት እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት በሽታ በሁለት ወር ውስጥ ነጥቆ ሲወስደው፣ ዘመድ አዝማዱ «ሽጫትና እረፊ» ቢላት፣ «እሷን ሸጬ ማንን ልነዳ ነው?» ብላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ተራ አስከባሪዎቹ መጀመሪያ «እሜቴ ፍሬን» እያሉ አፌዙባት። ዓመት ሳይሞላ ግን ፌዙ ሰለቻቸው፤ እሷም ከነሱ በላይ መጮህ ለመደች።

ስለዚህ ዛሬም የምታውቀውን ሞከረች። የነዳጁን ጌጅ አየች፤ ከግማሽ በላይ ነው። ዘይቱን አየች፤ ሙሉ ነው። በበሩ የሚያልፉ አራት ተሸካሚዎች ጠርታ አስገፋች። «ሁለተኛ አስገቢና ባንዴ ልቀቂው!» እያሉ እስከ አጥሩ ድረስ ወሰዷት፤ ሚኒባሷ ሁለቴ ተንገጫግጫ ቆመች።

«እናት፣ ይቺ መኪና ጾም ላይ ናት» ብሎ አንደኛው ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ ሳቀ።

ሸዋርካብሽ ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ስልኳን አውጥታ ኪዳነወልድ ጋ ደወለች።

ኪዳነወልድን የማያውቅ ሰባተኛን አያውቅም። ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት የኖረ፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ፣ የሠራውን ሥራ የማይደግም ሰው ነው። ሲሠራ የሚያያይዘውን ሽቦ ሁሉ በሚለጠፍ ሰማያዊ ናስትሮ ይጠቀልላል፤ ጠቅልሎ ሲጨርስም የናስትሮውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍ ያደርጋታል። «ነገ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ ሲቧጥጥ እንዳይሰድበኝ» ይላል። በዚህ ጋራዦቹ ሁሉ ይስቁበታል፤ ጫፏ የታጠፈች ናስትሮ ያዩ ጊዜ ግን «ይቺን ኪዳኔ ነክቷታል» ብለው አልፈው ሌላ ቦታ ብልሽት ይፈልጋሉ።

የበሪሁን ሚዜ ነበር። ሚስቱ ሰብለ ወንጌልን ክርስትና ስላነሳቻት የክርስትና አባቷም እሱ ነው። ልጅ ስላልወለደ የሚምለው በሷ ነው። «ሰብለ ትሙት!» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ደንበኛ አይከራከርም፣ እቃ ሻጭ አያንገራግርም። በየሜዳው የሚያነሳት መሐላ ግን አልነበረችም፤ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ቢላት ነው።

አንድ ሌላ ልማድም አለው። አልነሳ ያለ መኪና ሲመጣለት የሚጀምረው ሁልጊዜ ከነዳጅ ጋኑ ነው። «ሰውም መኪናም ሲታመም መጀመሪያ ሆዱን ጠይቅ» ይላል። ቁልፍ ሲዞር ጋኑ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ እንደ ንብ ዝዝዝ ማለት አለበት። ሰብለ በእግሯ ከቆመች ጀምሮ የዚችን ሚኒባስ ሆድ የምታዳምጥለት እሷ ናት። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ያስለጥፋትና «ሆዷ ምን ይላል?» ይላታል። «ትዘፍናለች» ካለች ከኪሱ ከረሜላ ይወጣል።

ትናንት ከሰዓት ሸዋርካብሽ የትምህርት ቤቱን ነገር ለሱ ብቻ ነግራው፣ «ነገ እንዳታሳፍረኝ አንዴ ይዩልኝ» ብላ መኪናዋን ጋራዡ ትታለት ነበር። አመሻሽ ላይ ራሱ ነድቶ ግቢው አስገባትና ቁልፏን ቤቷ ድረስ አመጣላት። «እንደ ሰዓት ናት፤ አትስጊ» አላት። እሷም አልሰጋችም፤ በሱ ሰግታ አታውቅም።

ዛሬም ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላም የእቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከች አለ። ቱታውን ለብሷል፤ ከቱታው ስር ግን የተወለወለ ጥቁር ጫማ ብቅ ብሏል።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ዛሬ ደግሞ ጫማዎ እንዴት ነው?»

«ለቅሶ ቤት አለብኝ፤ ከዚህ ቀጥታ ወደዚያ ነኝ። ምን ሆነች?»

ሰብለ ወንጌል እንደ ልማዷ ጉልበቱን ልትስም ወረደች። ራሷን ዳበስ አደረጋትና «በይ አንቺ ሂጂ ከኋላ ተቀመጪ» አላት። ከዚያ ሞተሩ ከስሩ ያለውን የጋቢና ወንበር ገልብጦ ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ። ጫፎቹን በካቻቢቴ ፋቀ፣ በጨርቅ ወለወለ፣ መልሶ አሰረ። «አዙሪ።» አዞረች፤ ቅርርር። ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ፀሐይ አነሳቸው፤ ሁሉም ደህና ናቸው። «አዙሪ።» ቅርርር። ቀጥሎ ካንዴላ ፈታና ከሽቦው ጋር አያይዞ ጎንበስ አለ።

«አዙሪ። ብልጭታ አየሽ?»

«አላየሁም፤ ጀርባዎ ከልሎኛል።»

«የለማ! ብልጭታ የላትም። ለካንዴላዎቹ እሳት የምትሰጣቸው ቦቢና ተቃጥላለች። ትናንት ስነካት ደህና ነበረች፤ የእቃ ነገር አይታወቅም።»

ኪዳነወልድ ካንዴላዋን መልሶ አሰረና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ሸዋርካብሽ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ።

«አሁን ምን ይሻላል?»

«ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ቦቢና ይዤልሽ እመጣለሁ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ። ምንም ነገር ደግሞ እንዳትነኪ፤ ሽቦ ያገናኘሽ እንደሆነ ሌላ ጣጣ ነው።»

«ለሦስት ሰዓት ይደርስልኛል፣ ጋሽ ኪዳኔ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ሰብለ ትሙት፣ ቦቢናዋ ብቻ ናት። ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

ይህን ሲል የሚያየው ጎማውን ነበር። ሸዋርካብሽ ግን መሐላውን ሰማች እንጂ ዓይኑን አልተከተለችም። ደረቷ ቀለል አላት፤ በሰብለ ከማለ መኪናዋ የተነሳች ያህል ነው።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል አለች። ቦቢናው ከአንዱ ሱቅ ጠፍቶ ሌላው ጋ እየዞረ ይሆናል አለች። ሰው የሚወደውን ሰው ጥፋት ለመሸፈን የማይፈጥረው ምክንያት የለም፤ እሷም ለአርባ ደቂቃ ያህል ስትፈጥር ቆየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊል ሲል ሰብለ ወንጌል ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ መጣች።

«እማዬ፣ አባባ ኪዳኔ ተቆጥቶኛል?»

«ለምን ይቆጣሻል?»

«ዛሬ ሆዷን አዳምጪልኝ አላለኝማ።»

«ቸኩሎ ነው። ቦቢና ነው ብሏል እኮ፣ ምሏል።»

አፏ ይህን አለ እንጂ ልቧ እዚያው ቀረ። አልነሳ ያለች መኪና ፊት ቆሞ ባትሪ የፋቀ፣ ፊውዝ ያወጣ፣ ካንዴላ የፈታ ኪዳነወልድ፣ ሆዷን አልጠየቀም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሆዷ ጀምሩ እያለ ሰባተኛን ያስተማረ ሰው ዛሬ ወደዚያ በኩል ዝር አላለም። ተሸካሚው ሲቀልድ «ጾም ላይ ናት» ያላት ትዝ አላት።

«ነይ እስቲ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጪ። አዙሪ ስልሽ ቁልፉን አዙሪ።»

መሬት ላይ ካርቶን አነጠፈችና ለቀጠሮው የለበሰችውን ቀሚስ ሰብስባ ከመኪናዋ ስር ገባች። ጆሮዋን የነዳጅ ጋኑ ላይ ለጠፈች።

«አዙሪ!»

ሞተሩ ቅርርር አለ። ጋኑ ጭጭ። ሆዷ አይዘፍንም።

የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ላይ አየች። ለፓምፑ መብራት የሚያደርሰው ሽቦ መጋጠሚያው ላይ ተላቅቋል። እንዲሁ በመንገጫገጭ የተላቀቀ እንዳይመስላት፣ ሁለቱም አፎች አቧራ እንዳይገባባቸው ለየብቻ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው አዲስ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

አየችው፤ ደጋግማ አየችው። ሌላ ሰው ነው ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም። ሰውየው ሲበድል እንኳ እጁ ልማዱን አልተወም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! የነቀለውን ራሱ እያወቀ ፊቷ ባትሪ ሲፍቅ፣ ፊውዝ ፀሐይ ሲያሞቅ፣ እሷ ሞኟ «ድካሙ» ብላ ልታዝንለት ምንም አልቀራትም ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለውን ሰው ሲተርት ስትሰማ ኖራለች፤ መውደቁ ምን እንደሚመስል ግን ዛሬ ካርቶን ላይ ተጋድማ አወቀችው። አቃጠላት። ከሽቦው ይልቅ ያቺ መሐላ አቃጠለቻት። ከኋላ ወንበር ልጅቷ ተቀምጣ እየሰማች ነው «ትሙት» ያለው።

ናስትሮውን ጫፉን ይዛ ሳበችው። በአንድ ጊዜ ተላጠ፤ ለዚህም ነበር የሚያጥፈው። ሽቦውን ገጠመችው፣ ናስትሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አቧራዋን ሳታራግፍ መሪው ላይ ወጣች። ሚኒባሷ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳች።

«ተነሳች! እማዬ፣ ተነሳች!» ሰብለ አጨበጨበች። እናቷ ግን ደስታ ከየት ይምጣላት።

ከሰባተኛ አብነት ለወትሮው ምን አላት። ዛሬ ግን ከአትክልት ተራ ሽንኩርት የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ሸዋርካብሽ ክላክስ እያስጮኸች፣ ከአንዱ ጋሪ ገፊ ስድብ እየተቀበለች፣ ለሌላው እየመለሰች፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰች።

በሩ ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። አጠገቡ ማሙሸት ቆሟል፤ የኪዳነወልድ ሚስት ወንድም ነው፣ ታክሲ ይነዳል። ከማሙሸት ጎን ደግሞ ቱታውን ያወለቀ፣ ኮት የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ኪዳነወልድ። ለቅሶ ቤቱ ይህ ነበር። ማሙሸት የትምህርት ቤቱን ነገር ከማን እንደሰማ ሸዋርካብሽ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የነገረችው ለአንድ ሰው ነው።

ኪዳነወልድ አያትና ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጀራ የምትባል ሴት ናት፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ጨርቅ መዳሰስ የለመደች ስለሆነ ሰውንም በዓይኗ ትዳስሳለች።

«ዘገየሽ እኮ፣ እህቴ» አለቻት።

«መኪናዋ አልነሳ ብላኝ ነው፣ እትዬ ሐጀራ።» ሸዋርካብሽ መዋሸት አሰኝቷት ነበር፤ ለዛሬ ውሸት በቅቷታል ብላ ተወችው።

«ገና በመጀመሪያው ቀን? ልጆቻችንን መንገድ ላይ ልትጥያቸው ነው?» ሐጀራ ወደ ኪዳነወልድ ዞረች። «እርስዎ መካኒክ ነዎት። ለማሙሸት መኪና መስክረዋል። ይህችንስ ያውቋታል?»

ሸዋርካብሽ ጠበቀች። ሞተሩን ሁለቴ አውርዶ የሰቀለ ሰው ነው። የበሪሁን የሬሳ ሳጥን በዚችው መኪና ሲሄድ ከሳጥኑ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው።

«በዓይን አውቃታለሁ» አለ።

«በዓይን ብቻ?»

«ሰፈራችን ትቆማለች። ያረጀች ናት።»

«ታዲያ ለልጆች አትሆንም ነው የሚሉኝ?»

«አትሆንም። ሰብለ ት…»

አፉ ለምዶበት ነው። ግን ሰብለ ወንጌል ከጋቢና ወርዳ፣ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ከፊቱ ሦስት እርምጃ ላይ ቆማ ነበር። ሲያያት ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

«ይጨርሱት እንጂ» አለች ሐጀራ። «ማን ትሙት?»

ሸዋርካብሽ ቦርሳዋን ከፍታ ሰማያዊውን ናስትሮ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ ጠዋት ሆዷ ስር አገኘሁት። የርስዎ እቃ ስለሆነ አመጣሁልዎት።»

ኪዳነወልድ መዳፉን አየ። የታጠፈችዋን ጫፍ በአውራ ጣቱ ነካት። ሐጀራ ከናስትሮው ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ ልጅቷ አየች።

«የሷ ትሻላለች» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከጫማው ውስጥ የሚመጣ ይመስል። «ሞተሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ያልተነሳችው በሷም በመኪናዋም ጥፋት አይደለም። የዚህኛው ፍሬን ደግሞ ገና መሠራት አለበት።»

«ምን እያልክ ነው አንተ?» ማሙሸት አፈጠጠበት። «ትናንት ማታ ያወራነውስ?»

ሐጀራ ከዚያ በላይ መስማት አልፈለገችም። ከሁለት ወላጆች ጋር የሸዋርካብሽ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ሰፈሩን ሁለቴ ዞሩ፤ ሸዋርካብሽ ዳገት ላይ አቁማ አስነሳቻት፤ ተመልሰው ሲወርዱ ሐጀራ ወረቀቱን ፈረመችላት። ለሰብለም «ሰኞ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። ሸዋርካብሽ ለዚህ ቀን ስንት ጸሎት አድርሳ ነበር፤ ሲደርስ ግን ፊርማዋ ከመስመር ወጣ።

ሲወጡ ኪዳነወልድ በሩ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ጠበቃቸው። ማሙሸት ጥሎት ሄዷል።

«ሸዋዬ፣ የሚስቴ ወንድም ነው። ወር ሙሉ ሥራ ፈልግለት እያሉ ቤቴ ውስጥ መተንፈሻ አሳጡኝ። አንቺ ብርቱ ነሽ፣ ሌላ ሥራ አታጪም ብዬ ነው እንጂ…»

«ብርቱ መሆኔን አይተው ነው የሰበሩኝ?»

ኪዳነወልድ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ከረሜላ አወጣና ወደ ሰብለ ዘረጋ። ሰብለ ከረሜላውን አየች፣ እናቷን አየች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። ማንም ደብቂ አላላትም።

«የሽቦውን ነገር ልተወው እችላለሁ» አለች ሸዋርካብሽ። «ስገጥመው ተገጥሟል። ሥራዬን ሊነጥቁኝ ማሰብዎንም ከጊዜ ጋር እረሳው ይሆናል። ግን ይቺን ልጅ ሚስትዎ ክርስትና ሲያነሷት ልጄ ናት ያሉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠዋት ለውሸት ሞቷን ጠሩባት። እሱን በምን ልግጠመው?»

«ማሪኝ በሰብ…» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

ሸዋርካብሽ ልጇን ጋቢና አስገብታ በሩን ዘጋችላት። ዞራ ወደ መሪው ስትወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው በአክብሮት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ተናገረችው።

«ከእንግዲህ በራስዎ ይማሉ፣ ጋሽ ኪዳኔ።»